አሜን ያልተባለበት ባራዛ

በኬንያው ሞያሌ ሹም ሕዝቡን የሚሰበስብበት ጉባኤ ባራዛ ይባላል። ባራዛ በጸሎት ይከፈታል፤ በጸሎትም ይዘጋል። የምክር ቤቱ ጸሐፊ በመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር «ስብሰባው በጸሎት ተከፈተ» ብሎ ይጀምራል፤ በመጨረሻው መስመርም «በጸሎት ተዘጋ» ብሎ ሰዓቱን ያስገባል። ይህ የመጨረሻ መስመር የሌለው ገጽ አይፈረምበትም፤ ያልተፈረመበት ገጽም ደንብ ወደሚያጸድቁት የደቡብ ቢሮዎች አይላክም። ሥርዓቱን ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ አልነበረም። ሰው ማን እንዳወጣው የማያውቀውን ሕግ ከሚያውቀው ይልቅ አጥብቆ ይጠብቃል።

የጸሎቱ ነገር በተራ ነበር። አንድ ጊዜ የመስጊዱ ሼኽ አዳኖ፣ አንድ ጊዜ ከጎዶማ የሚመጣው የቦረና ሽማግሌ ጎሊቻ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ስለ ክርስቲያኖቹ ባለሱቁ ደምለው። ተራው የተቀዳው ከጉድጓድ ሕግ ነው። በዚያ አገር ከብት የሚጠጣው በተራ ነው፤ የሌላውን ተራ የወሰደ ሰው በሽማግሌዎች ፊት ይቆማል፤ ባለብዙ ከብት ነኝ ወይም ቸኩያለሁ ቢል አይሰማም። ይኸው ሕግ ከውሃ ወደ ቃል ተሻግሮ፣ የባራዛውም ጸሎት ተራው ከደረሰው ሰው አፍ በቀር ከሌላ አፍ አይወጣም ነበር።

ደምለው የቡልጋ ሰው ነው። በልጅነቱ ዲቁና ተቀብሏል፤ በ፲፱፻፷፱ ዓ.ም. አንድ ሌሊት የቤቱ በር ሲደበደብ በጓሮ ወጥቶ፣ ሚስቱን ምንታምርን ይዞ ድንበሩን በእግሩ ተሻግሯል። በሞያሌ ጨው፣ ገመድ፣ ላምባና የባትሪ ድንጋይ ይሸጥ ነበር። ሁለት ሸሚዝ ነበረው፤ ሦስተኛ አልገዛም። በኬንያ የሚያኖረው አንድ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም በየዓመቱ በመጋቢት በሹሙ ማኅተም ይታደሳል። ማኅተሙ ቢቀር የሚባረረው ወደ ማዶ፣ ወደ ኢትዮጵያ ነው፤ በማዶ ያለው ቀበሌ ደግሞ ስሙን በመዝገብ አኑሮ ይጠብቀው ነበር።

ይህ ሰው አንድ ጊዜ ተሳስቶ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ምክር ቤቱ የከብት ገበያውን በአጥር የሚከልል ደንብ ለባራዛ አቀረበ። ደንቡ በእንግሊዝኛ ተነበበ፤ ግማሹ በስዋሂሊ ተተረጎመ፤ ፀሐዩም በረታ። ማንም ምንም ሳይጠየቅ ሹሙ «ጸሎት» አለ፤ ደምለውም ተነሥቶ «አምላክ ሆይ፣ በዚህ የተነገረውን ለበጎ አድርገው» ብሎ ዘጋ። ክርስቲያኑ አሜን አለ፤ ሙስሊሙ አሚን አለ፤ ቦረናውም በራሱ ቃል ተቀበለ። ከሦስት ወር በኋላ አጥሩ ሲቆም፣ የጎሊቻ ከብቶች ከአያቱ ዘመን ጀምሮ የሚያርፉበት ግራር በአጥሩ ውስጥ ቀረ። ጎሊቻ አቤት ሊል ሄደ። መዝገቡን ገልጠው «ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ተስማማ» የሚለውን አነበቡለት።

«እኔ መቼ ተስማማሁ?» አለ ጎሊቻ።

«አሜን አላልክም?»

በራሱ ቃል ብሎት ነበርና ወጣ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ደምለው ሱቅ መጥቶ በትሩን በባንኮኒው ላይ አስደገፈ።

«ደምለው፣ አምላክህን የምትለምን መስሎኝ አፌን ከፈትኩ። ለካ ማኅተም ስታስመታኝ ነበር።»

ደምለው በዚያ ቀን ለአንድ ደንበኛ ገመድ ሊለካ ክንዱን ዘርግቶ፣ ስንት ክንድ እንደደረሰ ሦስት ጊዜ ጠፋው።

በ፲፱፻፸፭ ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ዝናብ በራቀበት ሰሞን፣ የምክር ቤቱ ጸሐፊ ዳባ የባትሪ ድንጋይ ሊገዛ ወደ ሱቁ ገባ። ጸሐፊን በከተማው አጠራር ካራኒ ይሉታል። የሞያሌ ልጅ ነው፤ በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሯል፤ አማርኛውን ከሹፌሮችና ከነጋዴዎች ለቅሞታል።

«ሐሙስ ባራዛ አለ ጋሼ። የመዝጊያው ጸሎት የእርስዎ ተራ ነው። አጠር ያድርጉት፤ ሹሙ ከዚያ ወደ ኡራን ይወርዳሉ።»

«የምን ባራዛ ነው?»

«የአህያ። ውሃ የጫነ አህያ ከጉድጓድ ወደ ከተማ እንዳይገባ። ከተገኘ ይወረሳል። ውሃውን የምክር ቤቱ መኪና ያዞራል።»

«መኪናው በሳምንት ስንት ቀን ይሄዳል?»

ዳባ ሳቀ። «ጎማ ሲኖረው።»

«ባለአህዮቹ ምን አሉ?»

«ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር እኮ። ተቃውሞ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ ይላል። ሃያ ቀን ተለጥፎ አንድ ሰው አላቀረበም።»

«የት ተለጠፈ?»

«በምክር ቤቱ ግቢ ነዋ። ከውስጠኛው በር አጠገብ።»

«ዘበኛው ከቆመበት ወዲያ? በእንግሊዝኛ?»

ዳባ የባትሪ ድንጋዮቹን ወደ ኪሱ ከተተ። «ጋሼ፣ እኔ የምጽፍ ነኝ እንጂ የምወስን አይደለሁም።»

«የሚጽፈው ካልጻፈ የሚወስነው ምን ይሆናል?» አለ ደምለው።

ካራኒው ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ።

በዚያው ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳዶ በሁለት አህዮቿ ውሃ አመጣች። ዳዶ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። እንደ እርሷ ያሉ ሌሎች አሥራ ስድስት ሴቶች ጎሕ ሳይቀድ ወደ ጉድጓድ ይወርዳሉ፤ ተራቸውን ጠብቀው ይቀዳሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመለሳሉ። የሆቴሎቹ ድስት፣ የሕመምተኞች ማረፊያው በርሜል፣ የመስጊዱ መታጠቢያ በእነዚህ ሴቶች ነበር የሚሞላው። ምንታምር ጀሪካኑን እያወረደች ሳለ ደምለው የደንቡን ነገር ለዳዶ ነገራት።

ዳዶ መጀመሪያ የቀለደባት መሰላት። ከዚያ ሳቋን አቆመች።

«ሐሙስ በስንት ሰዓት?»

«በጠዋቱ አራት ሰዓት።»

«በአራት ሰዓት እኔ የት ነኝ? ጉድጓድ ውስጥ ነኝ! ታዲያ ለማን ነው የሚያነቡት? ባራዛው ለሚቀመጥበት ግራር?»

«ለአንድ ቀን ብትቀሩስ?» አለች ምንታምር።

«ተራዬን የለቀቅሁ ቀን ወደ ኋላ እመለሳለሁ፤ ለሦስት ቀን ውሃ አላገኝም። ልጆቼ ሦስት ቀን ደንብ ይበሉ?» ከዚያም ወደ ደምለው ዞረች። «የምትጸልየው አንተ ነህ አሉ። ባለፈው የጎሊቻን ዛፍ ጸልየህ አሳጠርክበት። በል ደግሞ አሁን አህዮቼን ጸልይባቸው!»

አህዮቹን ነድታ ሄደች። ምንታምር የበሩን መዝጊያ ገጥማ ባሏን አየችው። የሚያስበውን ከማሰቡ አስቀድማ የምታውቅ ሴት ናት።

«ወረቀታችን የሚያበቃው መቼ ነው?»

«በመጋቢት።»

«ማኅተሙ ያለው በማን እጅ ነው?»

«በሹሙ።»

«እንግዲያው አጭር ጸሎት ጸልየህ ና።»

«አጭር ሐሰት ከረጅሙ አይሻልም።»

«ደምለው፣ የእነርሱ አገር ነው፤ የእነርሱ አህያ ነው። እኛ እንግዳ ነን። ወዲያ ማዶ ምን እንደሚጠብቅህ ረሳኸው?»

«አልረሳሁም። ከዚያ የወጣሁትም እኮ ሳልጠየቅ ተስማምተሃል ስላሉኝ ነው» አለ። «እዚህ ደግሞ ሌላውን ሳልጠይቅ ተስማምቷል የምል እኔ ልሁን?»

ምንታምር ዝም አለች፤ ዝምታዋ ግን እሺታ አልነበረም። ዝምታን እሺታ ብሎ የሚቆጥረው የሚቸኩል ሰው ብቻ ነው።

ሐሙስ ደረሰ። ለሹሙና ለምክር ቤቱ አባላት ወንበር ተደረደረ፤ ሕዝቡ በባራዛው ግራር ሥር በመሬት ተቀመጠ። ሼኽ አዳኖ በጸሎት ከፈተ። ሹሙ ከደቡብ የመጣ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኩሎ ነበር። በዓለም ላይ ከሚደረገው ግፍ የሚበዛው በክፉዎች ሳይሆን ሌላ ቀጠሮ ባላቸው ሰዎች የተደረገ ነው። ደንቡን በእንግሊዝኛ አነበበ፤ ዳባም አሳጥሮ ተረጎመ። ከዚያ ሹሙ «ጥያቄ ያለው?» ብሎ ሰዓቱን ተመለከተ።

ጎሊቻ እጁን አነሣ። «ባለአህዮቹን አላይም። የት አሉ?»

«ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ተቃዋሚ አልተገኘም» አለ ሹሙ። «ሌላ የለም። ጸሎት።»

ደምለው ተነሣ። ባርኔጣውን አወለቀ። ሕዝቡም ራሱን ዝቅ አደረገ። እርሱ ግን ባርኔጣውን መልሶ ደፋ።

«አልጸልይም» አለ።

ዳባ አልተረጎመም። ሹሙ ግን ከሰዎቹ ፊት ላይ አነበበው።

«ታምመሃል?»

«ደኅና ነኝ ብዋና። ተራው የእኔ ነው፤ ለሌላ አልሰጥም። ነገር ግን ጊዜው አልደረሰም። አሜን ማለት ይሁን ማለት ነው። ይሁን ወይም አይሁን የሚሉት ሰዎች ገና ከጉድጓድ አልተመለሱም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ ደንቡ ይነበብላቸው፤ የሚሉትን ይበሉ፤ ከዚያ በኋላ እኔ እዘጋለሁ።»

ዳባ ይህን ሁሉ ቃል በቃል ተረጎመ። በዚያ ቀን ሳያሳጥር የተረጎመው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

ሹሙ ወደ ሼኹ ዞረ። «እርስዎ ይዝጉት።»

«እኔ ዛሬ ከፍቻለሁ» አለ ሼኽ አዳኖ። «የከፈተ አይዘጋም።»

«አንተስ?»

ጎሊቻ በትሩን በሁለት ጉልበቱ መካከል አቆመ። «የሰው ተራ የሚጠጣ ከብት የለኝም» አለ። ከወደ ኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ብዙዎች ሳቁ።

ሹሙ ተነሥቶ ቆመ። ሳቁ አስቆጥቶታል። «ባራዛው አብቅቷል። ከአሁን ወዲያ በዚህ ቦታ የሚቀመጥ ሰው ያለ ፈቃድ የተሰበሰበ ነው። ያለ ፈቃድ የተሰበሰበ ሰው ደግሞ ይታሰራል።»

በዚያ ዘመን፣ በዚያ አውራጃ፣ ይህ ባዶ ማስፈራሪያ አልነበረም። ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጥቂቶቹ ተነሡ።

«ፈቃዱን የሰጡት እርስዎ ነዎት» አለ ደምለው። ድምፁን አላነሣም። «ፈቃዱ ከስብሰባው መክፈቻ እስከ መዝጊያው ነው። ተዘግቶ እንደሆነ እንነሣለን። ካራኒ፣ መዝገቡ በእጅህ ነው። ተዘግቷል?»

አሁን ሁሉም ዳባን አየው። እስክሪብቶው በመጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ ነበር። ይህን መስመር በስድስት ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ጽፎታል፤ ብዙ ጊዜም ሰዎቹ ከመነሣታቸው አስቀድሞ ጽፎታል። አንገቱን አላቀናም።

«አልተዘጋም ብዋና። መስመሩ ባዶ ነው።»

ሹሙ ወደ ላንድሮቨሩ ሄደ። በሩን ከፍቶ ሳለ ደምለውን ጠራው። «ያንተ ወረቀት የሚያበቃው በመጋቢት ነው አይደል?»

«በመጋቢት ነው።»

«ከኡራን ስመለስ ያ መስመር ተሞልቶ አገኘዋለሁ» አለና ሄደ።

ሕዝቡ ተቀምጦ ቀረ። ፀሐዩ ወደ ራስ ወጣ፤ የግራሩም ጥላ አነሰ። ለስግደት የሚሄደው ጫማውን በቦታው ትቶ ሄደ፤ ከብቱን ሊያይ የሚሄደው በትሩን ትቶ ሄደ። በጉድጓድ ዳር ተራውን የሚይዝ ሰው እንዲሁ ያደርጋልና ማንም የማንንም ቦታ አልወሰደም። ከመንገዱ ማዶ የቆሙት ሁለት ፖሊሶች ምን ማድረግ እንዳለባቸው ስላላወቁ እነርሱም ጥላ ፈልገው ተቀመጡ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አቧራው ታየ። ሴቶቹ ወሬው በመንገድ ደርሷቸው ነበርና ውሃውን ሳያራግፉ፣ አህዮቻቸውን እንደነዱ፣ በወንበሮቹ መካከል አልፈው ገቡ። አንዱ አህያ በሹሙ ባዶ ወንበር ላይ አፍንጫውን አሻሸ። ዳዶ ከፊት ቆመች።

«የት አለ የሚያነበው?»

ዳባ ደንቡን አንሥቶ በራሷ ቋንቋ፣ ከአንቀጽ አንድ እስከ መጨረሻው ሳያሳጥር አነበበላት። ስታዳምጥ ጅራፏን በእጇ ጠቅልላ ያዘች። ሲጨርስ አንድ ጊዜ ወደ ሴቶቹ ዞር ብላ ተናገረች።

«አህያዬ መንገድ ያቆሽሻል ይላል። ያቆሽሻል። የሹሙ መኪና የሚያፈሰውን ጥቁር ዘይት ግን እኔ በእግሬ ረግጫለሁ፤ ዘይቱን የሚወርስ ደንብ አልተነበበልኝም። መኪናው ውሃ ያዞራል ይላል። መኪናው ባለፈው ዓመት አርባ ቀን ቆሞ ዶሮ እንቁላል ጥሎበታል፤ እንቁላሉን የለቀመው የእኔ ልጅ ነው። በእነዚያ አርባ ቀናት ሕመምተኞቹን ያጠጣው ማን ነው? ስሙን ልንገራችሁ፤ ይህ ነው» አለችና የአህያውን አንገት መታ መታ አደረገች። ሰዎቹ ሳቁ፤ እርሷ አልሳቀችም። «መንገዱ ይጽዳ ካላችሁ ለእኛ ንገሩን፤ በየተራ እንጠርጋለን። አህያዬን ልትወስዱ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ልጆቼን ቁጠሩና አብራችሁ ውሰዱ።»

ሌሎቹም ሴቶች ተናገሩ፤ አንዷ አለቀሰች፤ አንዷ ተሳደበች። ዳባ ስድቡን ትቶ ሌላውን ጻፈ። ሲጨርስ ዳዶ ጠጋ አለችው።

«የጻፍከውን አንብብልኝ።»

«ጽፌዋለሁ አልኩሽ።»

«ጎሊቻም ተጽፎለት ነበር። አንብብ።»

ዳባ አነበበ። «ባለአህዮቹ ሴቶች ደንቡ እንደገና እንዲታይላቸው የተከበረውን ምክር ቤት በትሕትና ይለምናሉ...»

«ቁም! ማን ለመነ?»

«የአጻጻፍ ወግ ነው እንጂ...»

«እኔ አልለመንኩም። ልመና የምሄድ ቢሆን ኖሮ አህያ ባልገዛሁ። እምቢ ነው ያልኩት። እምቢ በል።»

«በመዝገብ እምቢ ተብሎ ተጽፎ አያውቅም።»

«እንግዲያው ዛሬ ይጀመራል» አለ ጎሊቻ ከተቀመጠበት።

ዳባ መስመሩን ሠርዞ ከበላዩ «እምቢ አሉ» ብሎ ጻፈ፤ ምክንያታቸውንም አስከተለ። ደግሞ አነበበላት። በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። ያን ጊዜ ደምለው ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

«አምላክ ሆይ፣ ዛሬ የተባለው እንደተባለ ይኑር» አለ። የተቀበለው ድምፅ ፖሊሶቹን ከጥላቸው አስነሣቸው።

ሹሙ በማግስቱ ተመልሶ ገጹን አነበበ፤ አልፈረመበትም። «እኔ የሌለሁበት ባራዛ ባራዛ አይደለም፤ እንዳልተደረገ ይቆጠራል» ብሎ ሌላ ባራዛ ቀጠረ። ደምለውን ደግሞ ወደ ቢሮው አስጠርቶ ወረቀቱ እንደማይታደስ ነገረው፤ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ከኬንያ እንዲወጣ ታዘዘ።

ደምለው ወጥቶ ለምንታምር ነገራት። አላለቀሰችም፤ አልወቀሰችውም። ወቀሳውን አስቀድማ ጨርሳዋለች። ማሰሮውን በጨርቅ ጠቀለለች፤ ልብሱን ጠቀለለች፤ ከሱቁ ገመድ ወስዳ አሰረች። ሁለት ሸሚዝ ያለው ሰው ዕቃው ቶሎ ይታሰራል። ወደ ማዶ እንዳይሄዱ በጭነት መኪና በደቡብ ወዳለችው ከተማ ወደ ኢሲዮሎ ወርደው ለመደበቅ መከሩ፤ ያለ ወረቀት በየኬላው ምን እንደሚጠብቃቸው ግን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ሁለተኛው ባራዛ የተጠራው በአሥራ ሦስተኛው ቀን ነው፤ አሁንም በጠዋቱ አራት ሰዓት። ደምለው አልሄደም፤ የተባረረ ሰው በጉባኤ አይቀመጥም ብሎ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ዳባ እየሮጠ መጣ። ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል።

«ጋሼ፣ ይፈለጋሉ።»

«ማን ፈለገኝ?»

«ሹሙ። ደንቡ ተነበበ፤ ጸሎት ተባለ። ሼኽ አዳኖ ተራዬ አይደለም አሉ። ጎሊቻም ተራዬ አይደለም አለ። ሹሙ ያለፈው ጊዜ ደምለው ጸልዮ ዘግቶ የለም ወይ፣ ተራው አልፏል ቢሉ፣ ጎሊቻ ምን ቢል ጥሩ ነው?» ዳባ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ ሳቁን መግታት አቃተው። «ያ ባራዛ እንዳልተደረገ ይቆጠራል ያልከው አንተ ነህ፤ ባራዛው ካልተደረገ ተራውም አልተጠጣም፤ ተራው የደምለው ነው አለ። ሕዝቡ ሁሉ እንደዚያው አለ። እርስዎ ከሄዱ እኮ ጋሼ፣ በዚህ ከተማ ከእንግዲህ አንድም ባራዛ አይዘጋም። የትኛውም ገጽ አይፈረምም።»

ምንታምር ከታሰረው ዕቃ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀና አለች።

«ሹሙ ምን አሉ?» አለ ደምለው።

«መጥተው ከጸለዩ ወረቀትዎን ለአንድ ወር አራዝማለሁ ብለዋል።»

«ሴቶቹ የት ናቸው?»

«ጉድጓድ።»

«እንግዲያው ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመጣለሁ» አለ ደምለው።

«ጋሼ! ሹሙ እኮ በፀሐይ ተቀምጠው ነው የሚጠብቁት።»

«ሴቶቹም በፀሐይ ናቸው። ንገራቸው።»

ዳባ ሄደ። ደምለው ባርኔጣውን አንሥቶ አቧራውን በክንዱ ጠረገ። ምንታምር አሁንም ከዕቃው ላይ አልተነሣችም።

«ገመዱን አልፈታውም» አለች።

«አትፍቺው።»

«ወረቀት ዘርግተውልህ፣ ጸልይና ውሰድ ቢሉህስ?»

«እምቢ እላለሁ።»

«በል ባርኔጣህን በሁለቱም በኩል ጥረገው» አለች። «እምቢ የምትለው ባለአቧራ ሆነህ አይደለም።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሴቶቹ በሱቁ ደጅ ሲያልፉ ደምለው ከአህዮቹ በስተ ኋላ ገብቶ ተከተላቸው። ዳዶ ዞር ብላ አየችውና «ዛሬስ አህዮቼን ትጸልይባቸዋለህ ወይስ ትነዳልኛለህ?» አለችው። «እነዳለሁ» አላት፤ የኋላውን አህያ ቂጥ በእጁ ገፋ አደረገ።

ሹሙ በወንበሩ ላይ ነበር። ፊቱ ቀልቷል፤ መኪናው ሞተሩ ጠፍቶ ቆሟል። ደምለው ከፊቱ እንደደረሰ ሹሙ ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ በጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፤ ሁሉም አየው።

«ወረቀትህን ይዘሃል?»

«አልያዝኩም። ዛሬ የመጣሁት ስለ ወረቀት አይደለም።»

«እንግዲያው ጸልይ።»

«አስቀድሞ ይነበብ» አለ ደምለው። «በሚሰሙት ቋንቋ።»

ሹሙ በዙሪያው ተመለከተ። ሰዎቹ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠው ነበር፤ እንደ ሁኔታቸውም እስከ ነገ ሊቀመጡ ይችሉ ነበር። ግራሩ ሥር ሰዎቻቸው በተነሡባቸው ቦታዎች ላይ ጫማና በትር ተደርድሯል። ሹሙ እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ለዳባ ሰጠው። ማኅተሙ በጉልበቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

ዳባ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንቀጽ አንድ። ከጉድጓዱ ወደ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ማናቸውም አህያ...»

«ቁም» አለች ዳዶ። «እዚያ ላይ እምቢ። ጻፈው፤ ከዚያ ቀጥል።»